ሕግ ደጃፉን የተሻገረበት ዘመን

የምሠራው ቦሌ ቡልቡላ፣ አውሮፕላኖች ጣሪያችንን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው በሚያልፉበት ሰፈር፣ በአንድ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ነው። ቀን ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ስንኝ እቋጥራለሁ። ዛሬ ግን ለውድ አንባብያን ግጥም አላቀረብኩም። ከመስኮቴ ፊት የቆመች አንዲት ሴት የጠየቀችኝ ነገር ግጥሙን አስትቶ የሕግ መጻሕፍት ሲያስገላብጠኝ ሰንብቷልና ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመታቱን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የተከናነበች ሴት በስሟ የቁጠባ ሒሳብ ልትከፍት መጣች። ቅጹን ስትሞላ ከግራ ዓይኗ ሥር ያለውን ብልዝ አየሁ፤ እንዳላየም ሆንኩ። ፈርማ ስትጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ ባለቤቴ መጥቶ ቢጠይቃችሁ ትነግሩታላችሁ?» አለችኝ። «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ለማንም አንናገርም» አልኳት። ደብተሯን በጡቷ በኩል ሸጉጣ ወጣች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው፣ የመለስኩላት የባንክ ደንብ ብቻ መሆኑ ታወቀኝ። የአገሩ ሕግስ ምን ይላታል? እናቷና አያቷ በእሷ ዕድሜ ሳሉ ይህንኑ ጥያቄ ቢጠይቁ ኖሮ ሕጉ ምን ይመልስላቸው ነበር?

ከአያቷ ዘመን ልጀምር። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ፣ 3367 አንቀጾች ያሉት ግዙፍ ሥራ ነው። ስለ ውልና ስለ ንብረት የደነገገው አብዛኛው ክፍል ዛሬም እኛ ባንክ ውስጥ በየቀኑ ይሠራበታል። ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገው፤ ሚስትም ከሕግ ውጪ ባልሆነው ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ግዴታ ጣለባት። የሚኖሩበትን ስፍራ የሚመርጠው ባል ሆነ። በአንቀጽ 644 ሚስቱን የመጠበቅ ግዴታ ሲሰጠው፣ ከማን ጋር እንደምትገናኝ የመከታተልና አካሄዷን የመምራት ሥልጣንም አብሮ ሰጠው። ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለ የቤቱ ሥራ የሚስት እንዲሆን እንኳ ተጽፎ ነበር። ሚስት በራሷ ሥራ ከምታገኘው ገቢ በቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረውም ባል ነው። በዚያ ዘመን ደመወዝ የምትቀበል ሚስት ስንት እንደነበረች አንባቢ ይገምት።

ሕጉ ምታት አላለም። ማንም ሰው በሌላው ላይ የአካል ጉዳት ቢያደርስ በ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ይቀጣ ነበር። ነገር ግን ያ ሕግ በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃት ለይቶ የጻፈው ነገር የለም። ትዳርን በተመለከተ ግልጽ አድርጎ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱማ፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ በሕጋዊ ጋብቻ ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ እንደማይከሰስ ነው። እጇን ተይዛ ከተወሰደች ልጅ ፈቃድ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፍቺ የፈለገችም ሴት በቀጥታ ዳኛ ፊት አትቆምም። አቤቱታዋን የሚሰሙት በቅድሚያ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽማግሌ ብዙ ጎጆ አቃንቷል፤ ይህን አልክድም። ግን የሽማግሌ ዓይን የሚያየው ጎጆው እንዳይፈርስ ነው። ጎጆው ሳይፈርስ በውስጡ የምትፈርሰውን ሴት «ታገሺ» ብሎ የሚመልሳት ይህ ዓይን ነው።

ወደ እናቷ ዘመን ስንመጣ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1973 ዓ.ም ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረግ አድልዎን ሁሉ ለማስወገድ የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። በማግሥቱ እንቁጣጣሽ ነበር። ይሁን እንጂ አዲስ ዓመት ሲመጣና ሲሄድ፣ አብዮትም መጥቶ ሲሄድ፣ ሚስትን ታዛዥ የሚያደርገው አንቀጽ ከዚያ በኋላ ሌላ 19 ዓመት ከቦታው አልተነቃነቀም። መሬት የተወረሰበት፣ ንጉሥ የወረደበት ዘመን የቤቱን አለቃ ከመንበሩ አላወረደውም።

ለውጡን የጀመረው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ባልና ሚስት ጋብቻ ሲመሠርቱ፣ በትዳር ሲኖሩና ሲፋቱ እኩል መብት እንዳላቸው በአንቀጽ 34 ደነገገ፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች በታሪክ የወረሱትን የበታችነት በስሙ ጠራው። ሕገ መንግሥት ግን በጓዳ ለተደበደበች ሴት ሩቅ ነው። ያን ሩቅ ቃል ወደ ችሎት ያወረዱት ጥቂት የሕግ ባለሙያ ሴቶች ናቸው። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ የሕግ ባለሙያ ሴቶች ማኅበርን አቋቁመው፣ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሴቶች በነፃ ይቆሙ ጀመር። የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። በ1989 ዓ.ም አርሲ ውስጥ የተጠለፈችና ጠላፊዋን በጠመንጃ የገደለች የ14 ዓመት ተማሪ ተከሳ ስትቀርብ አብረዋት ቆሙ፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ አሰናበታት። በ2006 ዓ.ም የወጣው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም መነሻ ይህ ታሪክ ነው።

ከዚያም 1992 ዓ.ም መጣ። ሰኔ 27 ቀን የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የታዛዥነቱን አንቀጽ አስወገደው። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ አለ። መኖሪያቸውን ሁለቱ ተስማምተው ይመርጣሉ። ፍቺን ፍርድ ቤት ይወስናል። እኔን እንደ ባንክ ሠራተኛ የገረመኝ ግን ስለ ገንዘብ የሚናገረው ክፍል ነው። ባልና ሚስት ገቢያቸውን በየግል ወይም በጋራ ሒሳብ ባንክ ማስቀመጥ እንደሚችሉ ሕጉ በግልጽ ጽፏል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ወይም ለማበደር የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር ዛሬ አንድ ዘንቢል አይሞላም። የጋራ ቤት ለመሸጥ ግን የአንዱ ፊርማ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። ለዚያች ሴትም ሙሉውን መልስ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው፤ ሒሳቡ መብቷ ነው። እርግጥ ነው፣ ባሏ ቢጠይቃት ስለ ገቢዋ የማሳወቅ ግዴታ አለባት፤ እሱም ለእሷ እንዲሁ። ግዴታው ግን የተጋቢዎቹ እንጂ የባንኩ አይደለም።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1993 ዓ.ም ሴቶች ጥቃት ይብቃ ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ ወጡ። በዚያው ዓመት መገባደጃ ማኅበሩ በመንግሥት ታገደ፤ እገዳው የተነሣው ዓመቱ ከተለወጠ በኋላ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብትና በጾታ እኩልነት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። በ2002 ዓ.ም የማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ታገደ፤ ነፃ የሕግ ድጋፉም ክፉኛ ተዳከመ። አዋጁ የተሻረው በ2011 ዓ.ም ነው። ወይዘሮ መዓዛ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው የተሾሙትም በዚሁ ዓመት ነው።

የወንጀል ሕጉ ደጃፉን የተሻገረው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም ነው። በዚያን ቀን ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ወይም አብሮ የሚኖርን ሰው በኃይል መጉዳት በስሙ ጠርቶ ወንጀል አደረገው። ከባድ ጉዳት ከሆነ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ጠላፊንም ጋብቻ ከክስ አያድነውም አለ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ጎዶሎውም ግን ትንሽ አይደለም። ቀላል ጉዳት በመርሕ የሚያስከስሰው ተጎጂዋ አቤት ስትል ነው። አስገድዶ መድፈርን የደነገገው አንቀጽ ከጋብቻ ውጪ ያለውን ብቻ ይመለከታል። ከሁሉ በላይ፣ ሕጉ የሚመጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው። ነገ ልትመታ እንደምትችል ለምታውቅ ሴት፣ ባልየውን ዛሬ ከደጇ የሚያርቅ ትእዛዝ በውስጡ አልተጻፈም። ስለዚህ መቺው ቤት ሲቀር ተመቺዋ ልጆቿን ይዛ ትወጣለች።

ወጥታስ ወዴት? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በ1990ዎቹ አጋማሽ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ተቋቋመ፤ ቆይቶም በአዲስ አበባ ሴቶች ከነልጆቻቸው የሚጠለሉበት ቤት ከፈተ። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታልም ሐኪሙ፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ስፍራ የሚገኙበት ማዕከል ተጀመረ፤ ተጎጂዋ ቁስሏን ከቢሮ ቢሮ ይዛ እንዳትንከራተት።

ይህ ሁሉ ካለ ለምን ዝም ይባላል? በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ የቤተሰብ ሕጉ በወጣበት በ1992 ዓ.ም ከ100 ሴቶች 85ቱ ባል ሚስቱን ለመምታት ቢያንስ አንድ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ ወደ 63 ወርዷል፤ እንዲህ ብለው የመለሱት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። በዚያው የ2008 ጥናት ትዳር ከያዙ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው ወይም ከአጋራቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ከ10 ስድስት የሚበልጡት እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም።

እነሱ ብቻ አይደሉም ዝም ያሉት። እኔ በተከራየሁበት ግቢ ከጎኔ ካለው ክፍል በሌሊት የሚሰማ ነገር ነበር። አከራዬ «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ብርድ ልብሴን እስከ ጆሮዬ እስብ ነበር። ሕጉ ደጃፉን የተሻገረው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ የጎረቤቴን በር አላንኳኳሁም።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። ስንት ገንዘብ እንዳስቀመጠች አልናገርም፤ ቃሌን ሰጥቻታለሁ። ከወራት በኋላ በአንድ ሰኞ ጧት ሕፃን አዝላ፣ አንድ ከረጢት ይዛ መጣችና ያላትን ሁሉ አወጣች። ከዚያ «ወንድሜ፣ የሴቶችን ጉዳይ የሚያዩት ፖሊሶች በየት በኩል ናቸው?» አለችኝ። አንቀጽ 564ን በቃሌ ልነግራት እችል ነበር። በየት በኩል እንደሚኬድ ግን አላውቅም ነበር።

አፌ ተሳስሮ ስቆም፣ በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሸው ጥበቃችን ጠጋ ብላ «ነይ ልጄ፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለቻት። ከረጢቱን ተቀበለቻትና ተያይዘው ወጡ። እንዴት እንዳወቀችው አልጠየቅኳትም።

ስትመለስ መንገዱን እንድትነግረኝ ለመንኳት፤ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፤ ከመስኮቴ ሥር ለጥፌዋለሁ። ውድ አንባብያን፣ እናንተስ በየሰፈራችሁ ያ በር የት እንደሆነ ታውቃላችሁ?

ቸር ይግጠመን።