በቆሎ የሚበላው ምድጃ

በአገራችን የሴፍቲኔት መርሃ ግብር ለአንድ ሰው በወር ሲታሰብ የኖረው እህል 15 ኪሎ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝና ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ2005 እና በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብርድ ወራት አዮዋ ወይም ሚኒሶታ ውስጥ ያለ ቤተሰብ ቤቱን ለማሞቅ በአንድ ቀዝቃዛ ቀን 25 ኪሎ ገደማ በቆሎ በምድጃ ያነድ ነበር። ቆረቆንዳውን አላልኩም፤ ፍሬውን ነው። የተፈለፈለ፣ የደረቀ፣ ንፍሮም ቂጣም ሊሆን የሚችል በቆሎ።

"ኧረ ጡር ነው!" ብትሉ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ከምድጃው ልጀምር። ምክንያቱም ሰዎቹን በቆሎ ያስነደዳቸው ሒሳብ ነው፤ ያስቆማቸውም ሌላ ሒሳብ ነው።

በ1973 የዓረብ አገሮች በነዳጅ ላይ ማዕቀብ ሲጥሉ ብዙ አሜሪካዊ ወደ እንጨት ምድጃ ተመለሰ። ችግሩ የእንጨት ምድጃ ባህርይ ነው፤ አንዴ ይንቦገቦጋል፣ አንዴ ይጨሳል፣ ሌሊት ተነስታችሁ ካልቆሰቆሳችሁ ይጠፋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጄሪ ዊትፊልድ የሚባል በቦይንግ ይሠራ የነበረ የአውሮፕላን መሐንዲስ በዋሽንግተን ግዛት ይህን ችግር ያዘው። በዚያ አካባቢ የመጋዝ ፋብሪካዎች ሰጋቱራን ጨምቀው እንደ ትንሽ ከሰል ማድቀቂያ ሲሊንደር ያለ ቅርጽ እየሰጡ ለፋብሪካ ማሞቂያዎች መሸጥ ጀምረው ነበር። ፔሌት የሚባለው ይህ ነው፤ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዊትፊልድ የፋብሪካውን ማሞቂያ አሳንሶ ሳሎን የሚገባ ምድጃ አደረገው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከላይ ወይም ከኋላ እንደ ወፍጮ ቤት ያለ ቋት አለ። ከቋቱ ሥር በሞተር የሚዞር ጠመዝማዛ ብረት ፔሌቱን በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ ከስኒ ብዙም የማይበልጥ ማንደጃ ውስጥ ይጥላል። ማራገቢያው አየር ያስገባል፣ ጢሱንም ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሌላ ማራገቢያ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይበትናል። እሳቱ ሁልጊዜ ትንሽ ነው፤ ግን ሁልጊዜ አየር ያገኛል። ጢሱ የሚያንሰው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንዲት የሕግ ቀዳዳ ላንሳ፤ ለታሪኩ ታስፈልጋለች። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1988 የእንጨት ምድጃዎችን ጢስ የሚገድብ ደንብ ሲያወጣ፣ ለአንድ ኪሎ ማገዶ ከ35 ኪሎ በላይ አየር የሚያስገባ ምድጃ ከደንቡ ነፃ ሆነ። ታዲያ ብዙ አምራቾች ፔሌት ምድጃቸውን ሆን ብለው ከሚገባው በላይ አየር እንዲያስገባ አደረጉት። አየሩ ሲበዛ ምን ይሆናል? ሙቀቱን ይዞ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ደንቡን ለማምለጥ ሲባል ምድጃው ራሱ ባከነ። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ2015 ነው።

አሁን ወደ በቆሎው። የበቆሎ ፍሬ መጠኑ ከፔሌት ጋር ይቀራረባል፤ በቋቱ ይወርዳል፣ በጠመዝማዛውም ያልፋል። መካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ያለ ገበሬ ደግሞ ጎተራው ሙሉ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በደንብ የደረቀ በቆሎ በኪሎ 16 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። አሜሪካኖች በቆሎ የሚሸጡት በቡሼል ነው፤ አንዱ ቡሼል 25.4 ኪሎ ይመዝናል። በ2005 ገበሬው ለአንድ ቡሼል ያገኝ የነበረው 2 ዶላር ገደማ ነው። ስለዚህ 1,000 ሜጋጁል ሙቀት በበቆሎ 5 ዶላር ያህል ወጣበት ማለት ነው። የእንጨት ፔሌት በአሜሪካ ቶን (907 ኪሎ) 200 ዶላር ቢሸጥ ያው ሙቀት 12 ዶላር ይፈጃል። የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በነሐሴ 2005 የባሕረ ሰላጤውን ማምረቻዎች ከመታ በኋላ በጅምላ ገበያ ከ13 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ ይህም ከፔሌቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ቤት እስኪደርስ ደግሞ ይጨምራል። በቆሎ ከሁሉም በግማሽና ከግማሽ በታች ረከሰ። በዚያ ዓመት የበቆሎ ምድጃ ገዢ ወረፋ ቢይዝ ምን ይገርማል?

ወሬው የገበሬዎች ብቻ አልነበረም። ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ጋር የምትዋሰነው ታኮማ ፓርክ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የበቆሎ ጎተራ ነበራት። የአየር ንብረት ተሟጋቹ ማይክ ቲድዌልና ጎረቤቶቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ የከተማው አስተዳደር ግቢ ውስጥ የብረት ጎተራ አቆሙ፤ በቆሎውን ከሜሪላንድ ገበሬ እየገዙ ይካፈሉት ነበር። የእነሱ ምክንያት ከዋጋ በላይ ነው፦ በቆሎ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ባለፈው ዓመት ከአየር የተወሰደ ካርቦን ነው። ክርክሩ ልክ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በቆሎ ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ ማዳበሪያ የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው፣ ማድረቂያውም እንዲሁ ጋዝ ይበላል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ዋጋ ነው። ምድጃው ግን ዋጋ አያነብም። ምድጃው የሚያውቀው አመድ ነው፤ እኔም ከዚህ ታሪክ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ጥሩ የእንጨት ፔሌት ሲነድ የሚተርፈው አመድ ከ1 በመቶ በታች ነው፤ በአውሮፓ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከ0.7 በመቶ ማለፍ የለበትም። የበቆሎ አመድ 1.5 በመቶ አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ዋናው ጣጣ ግን የአመዱ ብዛት ሳይሆን የተሠራበት ነገር ነው። ፍሬ ማለት ለመጪው ተክል ስንቅ የተቋጠረበት ነው፤ ስለዚህ ፖታሲየምና ፎስፈረስ በብዛት ይዟል። እነዚህ ሁለቱ በእሳት ሲገናኙ የሚፈጥሩት ጨው እንጨት አመድ በማይቀልጥበት ሙቀት ይቀልጣል። የቀለጠው አመድ ማንደጃው ውስጥ ይጋገራል፤ የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ሲቀዘቅዝ ጠርሙስ የመሰለ ድንጋይ ይሆናል። አየር ሲያጣ እሳቱ ይጨሳል፣ መስታወቱ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ድንጋዩ ክሊንከር ይባላል፤ የበቆሎ ምድጃ ባለቤት ጠዋት ጠዋት በመቆስቆሻ እየፈነቀለ የሚያወጣው እሱን ነው።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አምራቾቹ ማንደጃው ውስጥ እየዞረ አመዱን የሚያማስል ብረት ጨመሩ፤ ልክ ገንፎ እንዳያር እንደምናማስለው። ተጠቃሚዎቹ ደግሞ የተፈጨ የኦይስተር ቅርፊት፣ ያው ለዶሮ መኖ የሚሸጠውን፣ በቆሎው ላይ በጥቂቱ ይነሰንሱ ነበር። ይህ የጎረቤት ዘዴ ቢመስልም ኬሚስትሪው የተጣራ ነው። ቅርፊቱ ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም ከፎስፈረሱ ጋር ሲያያዝ የሚፈጠረው ውሕድ ለመቅለጥ በጣም ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል። አመዱ አይጋገርም፤ ዱቄት እንደሆነ ይቀራል።

ሌሎች ጣጣዎችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። በቆሎ ቶሎ አይቀጣጠልም፤ ብዙዎች እሳቱን በእንጨት ፔሌት ለኩሰው ነው በቆሎ የሚያስከትሉት። ጢሱ ከእንጨት ጢስ ይልቅ ብረት ይበላል፤ የጭስ ማውጫው ከማይዝግ ብረት መሆን ይኖርበታል። በናይትሮጅን የበለፀገ ስለሆነም የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀቱ ይጨምራል። ለዘር የተዘጋጀና በፀረ ተባይ የታሸ በቆሎ ደግሞ ፈጽሞ ቤት ውስጥ አይነድም፤ መርዝ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተለምዶ እያለ ገበያው ለምን ወደቀ? ገዳዩ ኢታኖል ነው። አሜሪካ በ2005 ባወጣችው የኢነርጂ ሕግ ቤንዚን ውስጥ የሚደባለቅ ታዳሽ ነዳጅ ግዴታ ሆነ፤ በ2007 ደግሞ ግዴታው እስከ 2022 ድረስ 36 ቢሊዮን ጋሎን እንዲደርስ ተወሰነ። ኢታኖሉ የሚጠመቀው በዋናነት ከበቆሎ ነው፤ በ2010 እና በ2011 የምርት ዘመን ከአገሪቱ በቆሎ 40 በመቶ ገደማው ወደዚያ ሄዷል። የበቆሎ ዋጋ በ2007 ወደ 4 ዶላር ወጣ፤ በሰኔ 2008 በወደፊት ግብይት ከ7 ዶላር አለፈ። በቅድሙ ሒሳባችን ከእንጨት ፔሌት ጋር እኩል የሚሆነው 5 ዶላር ላይ ነው፤ 7 ሲደርስ 1,000 ሜጋጁል 17 ዶላር ፈጀ። ምድጃው ሳይበላሽ፣ ማገዶው ሳይጠፋ፣ ነገሩ ትርጉም አጣ። በሁለቱም ማገዶ የሚሠራ ምድጃ የገዛ ሰው ወደ እንጨት ተመለሰ፤ ለበቆሎ ብቻ የተሠራውን የገዛ ግን ተጨናነቀ።

አሁን ያችን 15 ኪሎ እናንሳት። አንድ ቤት በአንድ ብርዳማ ቀን የሁለት ሰው የወር እህል ሊሞላ ጥቂት የቀረው በቆሎ ያነዳል። ግን ፍርዱን ምድጃው ላይ ብቻ መጣል ሚዛን የሳተ ይመስለኛል፤ ምድጃዎቹ ሁሉ ተደምረው ኢታኖል ከወሰደው ጋር ሲነጻጸሩ እንኳን ጎተራ፣ ጆንያም አይሞሉም። የሚገርመው፣ ምድጃው በኪሎ ከበቆሎው ያለውን ሙቀት ብዙውን በቀጥታ ወደ ሳሎን ያስገባል፤ ኢታኖል ግን እስኪጠመቅና እስኪጣራ ድረስ ራሱ ብዙ ነዳጅ ይፈልጋል። እንደ መሐንዲስ ብጠየቅ፣ እህል መቃጠሉ ካልቀረ ምድጃው የተሻለው ነበር እላለሁ። እንደ ሰው ብጠየቅ ሁለቱንም አልወድም።

እህል ማንደድ የአሜሪካ ብቻ አልነበረም፤ ስዊድን ውስጥ በ2000ዎቹ አጃ ከፔሌት ሲረክስ ገበሬዎች አጃ አንድደዋል። ደቡብ አውሮፓ ግን ይበልጥ ያዋጣ መንገድ ያዘ፦ ከምግቡ የተረፈውን ማንደድ። ስፔን በዓለም አንደኛ የወይራ ዘይት አምራች ናት፤ ዘይቱ ሲጨመቅ የሚቀረው የወይራ ፍሬ ዘር ታጥቦና ደርቆ በአንዳሉሲያ ቤቶች ይነዳል። አመዱ ትንሽ ነው፣ ሙቀቱ ከእንጨት አያንስም፤ አገሪቱ ለወይራ ዘር ማገዶ ራሱን የቻለ የጥራት ደረጃ እስከማውጣት ደርሳለች። በ2022 የዩክሬን ጦርነት የሩሲያን እንጨት ከአውሮፓ ገበያ ሲያስወጣው የፔሌት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ዘለለ፤ ፔሌት ምድጃ በብዛት የሚገኝባት ጣሊያን በ2023 በፔሌት ላይ የምትጥለውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ22 ወደ 10 በመቶ ዝቅ አደረገች። ያኔ የወይራ ዘርና የለውዝ ቅርፊት ፈላጊ በዛ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ፔሌት ምድጃ ያላችሁ ካላችሁ፣ "እኔስ ቋቱ ውስጥ ሌላ ነገር ብጨምር?" ማለታችሁ አይቀርም። መጀመሪያ የምድጃውን መመሪያ እዩ፤ ለእንጨት ፔሌት ብቻ ተብሎ የተፈቀደ ምድጃ ውስጥ ሌላ ማገዶ መጨመር ዋስትናውን ያሳጣል፤ የተደፈነ ማንደጃም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል፤ እሱ ደግሞ ሽታ የለውም። የ2015ቱ የአሜሪካ ደንብ ጨርሶ የከለከላቸው አሉ፦ ቆሻሻ፣ ፕላስቲክ፣ ቀለም የነካው እንጨት፣ ከባሕር የወጣ ጨዋማ እንጨት፣ የእንስሳት ፋንድያ። አዎ፣ ኩበት በአሜሪካ ፔሌት ምድጃ ክልክል ነው።

ለአገራችን ቅርብ የሆነው የቡና ገለፈት ነው። ጂማና ሲዳማ ውስጥ በደረቁ ከሚፈለፈለው ቡና የሚወጣው ገለፈት ክምር ለፔሌት የተመቸ ይመስላል፤ ደረቅ ነው፣ በአንድ ቦታ ይከማቻል፣ ማንም አይበላውም። አመዱ ግን እንደ በቆሎው ፖታሲየም ይበዛዋል፤ በእንጨት ልክ የተሠራ ማንደጃ ውስጥ ብቻውን ቢገባ ያው ጠርሙስ መሰል ድንጋይ ነው የሚጠብቀን። ልዩነቱ ፎስፈረሱ ማነሱ ነው፤ ስለዚህ አዮዋ ላይ የሠራው የቅርፊት ዘዴ ከነመጠኑ ሊገለበጥ አይችልም። ኖራ ይሁን፣ ሸክላ አፈር ይሁን፣ ወይስ ከሰጋቱራ ጋር መደባለቅ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ በእቶን ውስጥ አመዱን እያሞቁ የሚቀልጥበትን ዲግሪ መለካት ያስፈልጋል።