ከወንፈል እስከ ሠራተኛ ማኅበር
የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አጀማመር በኢትዮጵያ

በአበርገሌ ቆላም ሆነ በሰቆጣ ደጋ የገበሬው ሥራ ሲለካ የኖረው በፀሐይና በወቅት ነው። ጉልበት ሲያጥር በደቦና በወንፈል ይተጋገዛል፤ ዛሬ የረዳ ነገ ይረዳል። በፋብሪካ ግን ሥራው በሰዓት፣ ዋጋውም በደመወዝ የሚለካ ሆነ። ስለዚህ ሠራተኛው ስለ ደመወዙ፣ ስለ ሥራ ሰዓቱና ስለ ጉዳት ካሣው ከአሠሪው ጋር በምን ኃይል ይነጋገር የሚል ጥያቄ ተነሣ።

በአገራችን ደመወዝተኛ ሠራተኞች ተሰባስበው ከታዩባቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ነው። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ የሆላንዱ ኤች. ቪ. ኤ. ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ሸንኮራ ቆራጮች በአንድ ሜዳ ተገናኙ። ቆረጣው የወቅት ሥራ በመሆኑ ወቅቱ ሲያልፍ ደመወዙም ይቋረጥ ነበር።

የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በሙያ ማኅበር የመደራጀትን መብት «በሕግ መሠረት» ቢፈቅድም፣ የማስፈጸሚያው ሕግ ለዓመታት ሳይወጣ ቈየ። በዚህም ምክንያት ሠራተኞች በእድርና በመረዳጃ ማኅበር ስም መሰባሰብን መረጡ። ለቀብርና ለሕመም የተዋጣው ገንዘብ መተማመንን ፈጠረ፤ መተማመኑም ጥያቄን በጋራ ለማቅረብ አበቃ።

በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም የወንጂው አቶ አበራ ገሙ ነበሩ። በ1956 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 210 ማኅበራትንና የኅብረት ስምምነትን በሕግ አጸና። ሆኖም ማኅበር ለማቋቋም በድርጅቱ ቢያንስ 50 ሠራተኞች መኖር ስለነበረባቸው የትናንሽ ድርጅቶች ሠራተኞች ከዚህ መብት ውጭ ቀሩ። ማኅበሩ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ አካሄደ፤ በ1968 ዓ.ም. ግን በደርግ ታገደ።

የሥራ ሕግ ከጉዳትና ከጥያቄ በኋላ መምጣቱ በሌላውም አገር ታይቷል። በ1911 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ አንዱ መውጫ በር ተቈልፎ ነበር። የግዛቲቱ የፋብሪካ ደኅንነት ሕጎች የተጠናከሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ስለሆነም መምህሩ ይህን ትምህርት ከአዋጅ ቢጀምር፣ መብቱ ከላይ የተቸረ ይመስላል። ከወንፈልና ከእድር ቢነሣ ግን የሰቆጣም ሆነ የአበርገሌ ተማሪ የሚያውቀውን መተጋገዝ ይዞ ወደማያውቀው ፋብሪካ ይደርሳል፤ ሕጉም ሠራተኞች ተባብረው ያስገኙት መሆኑን ይረዳል።