የእንደራሴዎች ክዳትና የሕንድ ሕግ

በሕንድ አገር፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ፣ የሕዝብ እንደራሴዎች ሹመትንና ጥቅምን ተከትለው ከፓርቲ ወደ ፓርቲ መፍለስን ልማድ ስላደረጉት፣ የብዙ ክፍላተ ሀገር መንግሥታት በአጭር ጊዜ ይወድቁ ነበር፤ በሃርያና ክፍለ ሀገር ጋያ ላል የተባለው እንደራሴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወገኑን በመለወጡ፣ ስሙ ለዚህ ነውር መተረቻ ሆኖ ቀረ።

ይህን ለመግታት በ1985፣ በራጂቭ ጋንዲ ዘመነ ሥልጣን፣ 52ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ታወጀ፤ በእርሱም ፓርቲውን በፈቃዱ የተወ ወይም ከፓርቲው ትእዛዝ ውጭ ድምፅ የሰጠ እንደራሴ ወንበሩን እንዲያጣ ተደነገገ፣ ፍርዱም ለአፈ ጉባኤው ተሰጠ። ነገር ግን ከአንድ ፓርቲ እንደራሴዎች ሢሶው ተገንጥሎ ቢወጣ አይቀጣም ስለ ተባለ፣ ብቻውን የከዳው ሲቀጣ ተባብረው የከዱት ይድኑ ነበር፤ ይህ በር የተዘጋው በ2003፣ በ91ኛው ማሻሻያ ነው። የአፈ ጉባኤው ውሳኔም በዳኞች እንዲመረመር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ፈረደ።

ሕጉ ፓርቲዎችን ከመበተን ቢጠብቅም፣ የመሪዎቹን ሥልጣን አጽንቶ የአባላቱን አንደበት ዘጋ፤ እንደራሴው በሕዝብ ፊት የገባው ቃል ኪዳን ከአለቃው ትእዛዝ ጋር በተጋጨ ጊዜ፣ ኅሊናውን የተከተለ ሰው ለገንዘብ ከከዳው ጋር እኩል ይቀጣልና። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቅጣት መንግሥት በሚጸናበትና በሚወድቅበት ድምፅ ላይ ተወስኖ፣ በቀረው ጉዳይ ሁሉ እንደራሴው ያመነበትን በነጻነት ይናገር ዘንድ ይገባል።