የድንጋይ ፍላጻና የዐፈሩ ምስክርነት

ታሪክ በተባለ ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በብራና የተጻፈው ወይም በሐውልት የተቀረጸው ነው። ነገር ግን ብራና ከመፋቁ፤ ቀለም ከመበጥበጡ እጅግ አስቀድሞ የኖረው ሰው መጽሐፍ ባይተውልንም የጠረበውን ድንጋይ ትቶልናል። የዛሬው ንግግራችን ይህ ድንጋይ በምን እንደሚለይ፤ ዕድሜውም በምን እንደሚታወቅ የሚያስረዳ ነው።

በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኘውን ደልጊን መነሻ እናድርግ። ከዚያ የሐይቁን ዳር ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሄደ መንገደኛ ጎርጎራ ይደርሳል። ወደ ምዕራብ ቍልቍል የወረደ ደግሞ ወደ ሽንፋ ወንዝና ወደ መተማ ቆላ ይገባል። በሁለቱም አቅጣጫ የጥንት ሰው የጠረባቸው ሹል ድንጋዮች ከመሬት ውስጥ ተቈፍረው ወጥተዋል።

ድንጋይ ሹል ስለ ሆነ ብቻ የጦር ወይም የቀስት ጫፍ ነው አይባልም። ከገደል የተንከባለለ፤ በጎርፍ የተጋጨ ድንጋይም ሊሾል ይችላልና። የሰው እጅ ሥራ የሚታወቀው በምልክቱ ነው። ባልጩት በሌላ ድንጋይ ተመትቶ ሲፈለጥ፤ በተመታበት ቦታ ትንሽ እብጠት፤ ከዚያም በታች የውሃ ሞገድ የሚመስል መስመር ይቀራል። ጠራቢው ጠርዙን በጥንቃቄ እየፈለጠ ግራና ቀኙን ያስተካክላል፤ በእንጨት ላይ እንዲታሰር ሲልም ግርጌውን ያሳሳል። ጫፉ ከአውሬ አጥንት ጋር ተጋጭቶ እንደ ሆነ የስብራቱ ዓይነት በአጉሊ መነጽር ሊታይ ይችላል። ከበድ ያለው ለጦር፤ ትንሹና ቀላሉ ለቀስት እንደሚስማማም ይገመታል።

ዕድሜውን ማወቅ ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። ድንጋዩ የተፈጠረበት ዘመንና ሰው የጠረበበት ዘመን አንድ አይደለምና። ስለዚህ የሚመሰክርለት አብሮት የተቀበረው ዐፈር ነው። ይህንንም በየመዝገብ ቤታችን እንደ ተደራረበው ወረቀት መመልከት ይቻላል። ማንም ካልነካካው ከታች ያለው ቀድሞ የገባ፤ ከላይ ያለው ኋላ የመጣ ነው። በንብርብሩ መካከል ከሰል ከተገኘ በካርቦን ስሌት ዕድሜው ይታወቃል፤ ይህም ዘዴ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ከዚያ በላይ ለሆነው ዘመን ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ በእሳተ ገሞራ ዐመድ ውስጥ ያለውን አርጎን የተባለ ጋዝ መለካት ነው።

የጎርጎራው ዋሻ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1941 ሞይሴይ በተባለ ሰው ተቈፈረ፤ ስለ ድንጋዮቹም ሉዊስ ሊኪ በ1943 ጽፏል። የካርቦን ስሌት በዊላርድ ሊቢ የተገለጠው በ1940ዎቹ መጨረሻ ስለ ሆነ፤ በዚያን ጊዜ የነበረው መንገድ ንብርብሩን መከተልና የድንጋዮቹን ቅርጽ በሌላ አገር ከተገኙት ጋር ማነጻጸር ነበር።

በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ በገደሞታ ግን ዐመዱ ራሱ ተለክቷል። ዮናታን ሳህሌና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጥናት፤ ከዚያ የተገኙት የባልጩት ሹሎች ከ279,000 ዓመት በላይ እንደ ሆኑና ከስብራታቸውም ተወርውረው እንደ ነበር እንደሚታወቅ አስረድተዋል። ሌሎች ምሁራን ደግሞ ስብራቱ ብቻውን መወርወርን አያረጋግጥም ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ የሚያሳየው አንዲት ጠባሳ እንኳ ምን ያህል እንደምትመረመር ነው።

በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው ማስረጃ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ጆን ካፕልማንና የሥራ ጓደኞቹ በ2024 እንዳስታወቁት፤ ትንንሾቹ ባለ ሦስት ማዕዘን ሹሎች በተገኙበት ዐፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ስባሪዎች ተገኙ። ስባሪዎቹም ሲመረመሩ ከ74,000 ዓመት በፊት በኢንዶኔዥያ አገር በሱማትራ ደሴት ከፈነዳው ከቶባ ተራራ የመጡ ሆኑ። እንግዲህ ከሩቅ ምሥራቅ በነፋስ የመጣ ትቢያ የቆላውን አዳኝ ዘመን መሰከረ። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ሰዎች አውሬ ያድኑ፤ ዓሣም ያጠምዱ ነበር። ሹሎቹም ትንሽና የተስተካከሉ ስለ ሆኑ ተመራማሪዎቹ የቀስት ፍላጻ እንደ ነበሩ አስበዋል።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ከእነዚያ ሹሎች አንዱን አላፊ አግዳሚው አንሥቶ ለጌጥ ከቤቱ ቢያስቀምጠው ኖሮ ምን ይባል ነበር? ትንሽነቱን ያየ ሁሉ የጥቂት ሺህ ዓመት ዕድሜ ሊሰጠው ይችል ነበር። ድንጋዩ ምንም ሳይጐድልበት ምስክሩ ግን በጠፋ ነበር። ከዐፈሩ አንድ ጊዜ የተለየ ድንጋይ ወደ ቦታው ቢመለስም ዕድሜው አይመለስለትም።

አንባቢዎች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል መንገድ የሚያስጠርግ፤ የውሃ ቦይ የሚያስቈፍር፤ የትምህርት ቤት መሠረት የሚያስጥል ብዙ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 በቍፋሮ ላይ ቅርስ ያገኘ ሁሉ ወዲያው ለባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቅ አዝዟል። ስለዚህ ሠራተኛው ስለታም ባልጩት ተከማችቶ ባገኘ ጊዜ አካፋው ይቁም፤ ድንጋዩ ከነበረበት አይነሣ፤ ስፍራው ይጠበቅ፤ ለሚመለከተውም ይነገር። የአንድ ቀን ሥራ ቢዘገይ በማግሥቱ ይካካሳል፤ አካፋ የበተነውን ንብርብር ግን መልሶ የሚደረድረው የለም።