የነበረ ሲናገር፣ ያልነበረ እንዴት ያንብብ?

ከቶሮንቶ፣ ካናዳ

«ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ይላል የአገራችን ሰው። አቶ ብርሃኑ አስረስ ስለ 1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ለጻፉት መጽሐፍ ርእስ ያደረጉት ይህንኑ ተረት ነው። ተረቱ የምስክርነትን ክብር ያውቃል፤ ባልዋልንበት ጉዳይ አፋችንን እንድንሰበስብ፣ ውሎ ላየው ሰው ደግሞ ጆሮ እንድንሰጥ ይመክረናል። ሆኖም ሳይመልሰው የቀረ አንድ ጥያቄ አለ። የነበሩት ሦስት ሰዎች ሆነው፣ ሦስቱም በየፊናቸው ሌላ ሌላ ነገር ሲናገሩስ? ያልነበረው አንባቢ ማንን ይመን?

ጥያቄውን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ቶሮንቶ፣ በዳንፎርዝ ጎዳና አካባቢ እንጀራና በርበሬ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ብቅ የሚሉትን የአማርኛ መጻሕፍት ልብ ላለ ሰው፣ አብዛኞቹ የሕይወት ታሪክ፣ የትዝታ ማስታወሻ ወይም የነገሥታት ታሪክ ናቸው። ልብ ወለድ አላነብም የሚለው ወዳጄ እንኳ አዲስ ማስታወሻ ወጣ ሲባል ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ያስልካል። የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» በ2004 ዓ.ም. ለገበያ ሳይቀርብ ገጾቹ በኢንተርኔት ሲለቀቁ፣ ስንቶቻችን ነን ሥራ አድረን ገብተን ዓይናችን እስኪቀላ ያነበብነው? የሚጠሉትም የሚናፍቁትም እኩል አነበቡት። ይህ ረሃብ ከየት መጣ? ምንስ ያበላናል?

ረሃቡ ከየት መጣ?

አንደኛው ምንጭ አሮጌ ልማዳችን ይመስለኛል። ታሪክን በሰው ሕይወት በኩል ማንበብ ለእኛ ከፈረንጅ የተቀዳ ነገር አይደለም። ገድል የጻድቅ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ዜና መዋዕልም የንጉሥ። አገር ማለት የንጉሡ ዘመቻ፣ ገዳም ማለት የመሥራቹ ተጋድሎ ሆኖ ሲተረክልን ኖረናል። ይህ ልማድ አንድ ጸጋና አንድ መዘዝ አውርሶናል። ጸጋው ታሪክን ሥጋና ደም ለብሶ እንድናየው ማድረጉ ነው። መዘዙ ግን ጆሯችን የሚለምደው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ መሆኑ ነው፦ ወይ ጻድቅ፣ ወይ ሰይጣን። ዛሬም አንድን ማስታወሻ ስናነሳ ብዙዎቻችን ገድል ወይም የክስ መዝገብ የምናነብ ያህል ነው።

ከዚህ ልማድ ቀደም ብለው ለመውጣት የሞከሩ ሰው ነበሩ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የብዙ ሰዎችን ሕይወት በአጭር በአጭሩ ለትውልድ መዘገቡ። አንድን ጀግና እስከ ሰማይ ማንሳት ሳይሆን ብዙ ሰዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትልቅ የሐሳብ ለውጥ ነበር። የሚያሳዝነው፣ የሌሎችን ሕይወት የመዘገቡት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ በስደት ላይ እያሉ አረፉ።

ሁለተኛው ምንጭ ደግሞ ይኸው ስደት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የ«ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን የመጀመሪያ ክፍል ያዘጋጁት በዚያችው በባዝ፣ አገራቸው በጠላት እጅ ሳለች ነው። አምባሳደር ዘውዴ ረታ በአብዮቱ ምክንያት ከአገር ርቀው ሲኖሩ «የኤርትራ ጉዳይ»ን፣ «ተፈሪ መኮንን»ን እና «የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት»ን ጻፉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ከሐራሬ ጻፉ። የጅጅጋው ልጅ ነጋ መዝለቂያ እዚሁ ካናዳ ሆኖ የልጅነትና የወጣትነት ዘመኑን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሪቱን ታላቅ የጽሑፍ ሽልማት፣ የገቨርነር ጄኔራሉን ሽልማት፣ አገኘ። ስደተኛ ሥልጣኑ፣ ርስቱና ጎረቤቱ ቀርተውበት የሚቀረው «እኔ እኮ ነበርኩ» የሚለው ቃል ነው። አንባቢውም ስደተኛ ነው። በቀን ታክሲ የሚነዳ የቀድሞ መሐንዲስ ማታ ስለ 1966 ሲያነብ፣ የራሱ ስም ትርጉም ወደነበረው ዘመን ይመለሳል። በዚህ ልንሳቅበት አይገባም።

ሦስተኛው ምንጭ የጸሐፊዎቹ ችሎታ ነው። ከእኛ ስንቶቻችን ነን አጤ ምኒልክን በዩኒቨርሲቲ ያወቅናቸው? አብዛኞቻችን ያወቅናቸው በጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ በኩል ነው። ጳውሎስ በመደበኛ ትምህርት ብዙ ያልገፋ፣ በ«አዲስ ዘመን» ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ የአንባቢን ጥያቄ ሲመልስ የኖረ ሰው ነበር። በመጻሕፍቱም ያንኑ አደረገ፤ ተራው ሰው ሊጠይቅ የሚችለውን ጠየቀ። እዚህ ካናዳም ተመሳሳይ ሰው ነበራቸው። ጋዜጠኛው ፒየር በርተን የካናዳን የባቡር ሐዲድ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1970 እና በ1971 በሁለት መጻሕፍት ሲያወጣ፣ ካናዳውያን አሰልቺ ነው ይሉት የነበረውን የራሳቸውን ታሪክ እንደ ጀብዱ አነበቡት። የታሪክ ምሁራን በእንዲህ ዓይነቱ ጸሐፊ ላይ የሚያነሱት ቅሬታ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ምሁሩ መጽሐፍ የሚያደርሰው በር ብዙውን ጊዜ የጋዜጠኛው መጽሐፍ ነው። ዋናው ነገር በሩ ላይ ቆሞ አለመቅረት ነው።

ከአንድ ቤት የወጡ ሦስት መጻሕፍት

ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። በሐረር ከራስ መኮንን ቤት ሦስት ልጆች ወጡ። አንዱ ልጃቸው ተፈሪ ናቸው። ሁለተኛው ዘመዳቸውና አብሮ አደጋቸው እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ሦስተኛው ራስ መኮንን ያስጠጓቸው፣ በልጅነታቸው አድዋ የዘመቱት፣ ኋላም ሩሲያ ሄደው የጦር ትምህርት የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሦስቱም የሕይወት ታሪካቸውን ጻፉ። የንጉሠ ነገሥቱ በ1965 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ታተመ። የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ኦቶባዮግራፊ» እና የልዑል ራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው» ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተሙት ጸሐፊዎቹ ካረፉ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አንድ ትውልድ ሙሉ የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ ኖረ ማለት ነው።

አሁን ሦስቱን መጻሕፍት አንድ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥና ስለ አንድ ቀን እንጠይቃቸው። ቀኑ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የማይጨው ጦርነት ከተሸነፈ አንድ ወር አልፏል፤ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ይወጣሉ። ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ይገባል።

ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን ከመማክርቶቻቸው ጋር ተመክሮበት የተወሰነ፣ የአገርን አቤቱታ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ለማሰማት የተደረገ ጉዞ አድርገው ያቀርቡታል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ያደረጉት ንግግር ይህን አባባል ባዶ እንዳልነበረ ያሳያል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ግን መውጣቱን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጦርነቱ ሲጀመር በዚያው ማኅበር ፊት ለኢትዮጵያ የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። ጄኔቭን በቅርብ ያዩት ሰው በጄኔቭ ተስፋ አልጣሉም፤ ትግሉ በአገር ውስጥ ይቀጥል ባይ ነበሩ። ነገር ግን እሳቸውም ኋላ ከአገር ወጥተው ዓመታትን በማዳጋስካር በስደት አሳለፉ። ራስ እምሩ ደግሞ በዚያች ቀን በከተማው አልነበሩም። በሽሬ ግንባር ተዋግተው ሲያፈገፍጉ የእንደራሴነት ሸክም ተጣለባቸው፤ በጎሬ በኩል ሞክረው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ አጠገብ እጃቸውን ለመስጠት ተገደዱ፤ ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። ከእሳቸው ጋር ከዘመቱት አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ እሳቸውም ተማርከው ጣሊያን ታስረዋል፤ ያዩትን በ1985 ዓ.ም. «ትዝታ» በሚለው መጽሐፋቸው ነግረውናል።

እንግዲህ ማን ዋሸ? በበኩሌ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። አንዱ ከዙፋን፣ አንዱ ከቅሬታ፣ አንዱ ከጦር ሜዳ፣ አንዱ ከአዛዡ በታች ሆኖ አየ። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ንጉሠ ነገሥቱን ወይ አዳኝ ወይ ፈርጣጭ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። አራቱን ያነበበ ሰው ግን ከፍርድ በፊት የጭንቁን ክብደት ያውቃል። የሄደው አገሩን ይዞ የሄደ መስሎት ነበር፤ የቀረው ሄዶ የሚመጣ እርዳታ ይጠብቅ ነበር፤ አትሂድ ያለውም ኋላ ራሱ ሄደ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። መውጣት ወይስ መቅረት የሚለው ጥያቄ ሱዳንን በእግሩ ያቋረጠውን፣ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል የወጣውን ሁሉ እስከ ዛሬ ይከተለዋል። ስለ 1928 ስንከራከር ብዙ ጊዜ ስለ ራሳችን እየተከራከርን ነው። የእነዚህ መጻሕፍት ስበት ትልቁ ምሥጢር ይህ ይመስለኛል፦ በሌላ ሰው ስም የራሳችንን ጉዳይ እንድንመረምር ይፈቅዱልናል።

ያልተዘጋው መዝገብ

በ1928 ላይ ይህን ያህል መታገስ ከቻልን፣ ለምን በ1969 እና በ1970 ላይ አንችልም? ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ዛሬ በቂ መጻሕፍት አሉን። ከኢሕአፓ ወገን የአቶ ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» አለ። ወይዘሮ ሕይወት ተፈራ አንዲት ወጣት ሴት በድርጅት ውስጥና በእስር ቤት ያየችውን በ«ማማ በሰማይ» ነግረውናል። ከደርግ ወገን ከ«ትግላችን» ሌላ፣ ለ20 ዓመታት ታስረው በ2004 ዓ.ም. የተፈቱት የሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» እና የሌተና ኮሎኔል ፍስሐ ደስታ «አብዮቱና ትዝታዬ» አሉ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ጥፋተኞች ናችሁ ብሎ ፈርዷል። ሆኖም የፍርድ ቤት መዝገብ ሲዘጋ የቤተሰብ መዝገብ አይዘጋም። እናት ዛሬም «ልጄን ማን ወሰደው?» ትላለች። እኛ ግን እያንዳንዳችን የየወገናችንን መጽሐፍ ይዘን የሌላውን ለመሳለቂያ ብቻ እንገልጣለን። ቡና ላይ የምሰማው ክርክር ብዙ ጊዜ የአንድ መጽሐፍ አንባቢ ከሌላ መጽሐፍ አንባቢ ጋር የሚያደርገው ጦርነት ነው።

ስለዚህ ማስታወሻ ስናነብ ሦስት ነገር ብንጠይቅ እላለሁ። አንደኛ፣ ጸሐፊው መቼና የት ሆኖ ጻፈ? ሥልጣን ላይ፣ እስር ቤት ወይስ ስደት? ሁለተኛ፣ በዝርዝር የሚተርከው ምኑን ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚዘለውስ ምኑን? ዝምታ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ በዚያ ቀን እዚያው ቦታ የነበረ ሌላ ሰው ምን አለ? ሦስተኛውን ያልጠየቀ አንባቢ፣ አንባቢ ሳይሆን ደጋፊ ነው።

የወፍ እህል ነጋዴው

ለመዝጋት የምንኖርባትን ከተማ ልጥቀስ። ጄምስ ኒኮልሰን የሚባል ቶሮንቶ የኖረ ነጋዴ ነበር፤ ሀብት ያፈራው ለቤት ወፎች የሚሆን እህል በመሸጥ ነው። ሲሞት ሀብቱ የካናዳ ሰዎች የሕይወት ታሪክ መዝገብ እንዲዘጋጅበት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተናዘዘ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1966 ወጣ። ዛሬ ማንም ሰው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ በነፃ ያነበዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከዚያ ቅጽ 40 ዓመት በላይ ቀድመው ጀምረውት ነበር። ዛሬ ስለ አገራችን በስፋቱ ወደር የሌለው መዝገብ፣ «ኢንሳይክሎፔዲያ ኢቲዮፒካ» በአምስት ቅጽ የተዘጋጀው ግን እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014፣ በጀርመን አገር፣ በሐምቡርግ ነው።

አቅሙ የለንም እንዳንል፣ የቶሮንቶው ልጅ ድምፃዊ አቤል ተስፋዬ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት 50,000 ዶላር ሰጥቷል፤ ትምህርቱም በዓመቱ ተጀምሯል። እኔ የምለው ግን ከዚያም ያነሰ ነገር ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በሱዳን በረሃ አቋርጠው እዚህ የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ዛሬ አርጅተዋል። ራስ አልነበሩም፣ ሚኒስትርም አልነበሩም፤ መምህራን፣ ነርሶች፣ ወታደሮች፣ ነጋዴዎችና የቤት እመቤቶች ነበሩ። በየወሩ አንዱን እንቀብራለን፤ ከቀብር መልስ «ስንት ነገር ያውቁ ነበር» እንባባላለን፤ ከዚያ እንበተናለን። በእያንዳንዳችን ኪስ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ። በሚቀጥለው እሁድ ከአንድ ሽማግሌ ወይም ከአንዲት እናት ጋር ሁለት ሰዓት መቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል? ከቤት እንዴት ወጡ? አትሂዱ ያለዎት ማን ነበር? አብሮዎት የነበረ ሌላ ሰውስ አለ? ብሎ መጠየቅ ነው። የመጨረሻዋ ጥያቄ እንዳትረሳ፤ ወደ ሁለተኛው ምስክር የምታደርሰን እሷ ናት።

ቸር ይግጠመን።