የካቲት 23፦ አንድ ቀን፣ ብዙ ታሪክ

  ዛሬ ስለ አንድ ቀን እንነጋገራለን። ቀኑ የካቲት 23 ነው። በሬዲዮ የሰማችሁትን ይህን ንግግር አሁን በጽሑፍ በእጃችሁ ይዛችሁታል። ስለዚህ አትቸኩሉ። ያልገባችሁን መስመር መልሳችሁ አንብቡት። ሬዲዮ ተናግሮ ያልፋል፤ ወረቀት ግን ይጠብቃል።

አንድ ቀን ለሁሉም እኩል አይደለም። ለአንዱ የሠርጉ ዕለት ነው፤ ለሌላው የሐዘኑ ዕለት ነው። የዓለምም ታሪክ እንደዚሁ ነው። የካቲት 23 በልዩ ልዩ ዓመት፣ በልዩ ልዩ አገር ብዙ ነገር ታይቶበታል። ጦርነት ነበረ፤ ነጻነት ነበረ፤ ጨዋታም፣ ሲኒማም ነበረ። እስቲ በዘመን ቅደም ተከተል አንድ በአንድ እንያቸው። ስናይም አንድ ጥያቄ በልባችን እንያዝ፦ ይህ ሁሉ ሳይረሳ ከእኛ ዘንድ የደረሰው በምንድን ነው?

ዓድዋ፣ 1888 ዓ.ም.

በአገራችን የካቲት 23 ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ዓድዋ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ወሩ በገባ በ23ኛው ቀን ስለሆነ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለትም ነው። ብዙዎቻችሁ የዓድዋን ነገር ከአባት ከአያት ሰምታችኋል። ዛሬ ግን ከጦርነቱ በፊት ስለነበረ አንድ ጽሑፍ ልንገራችሁ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ውጫሌ በምትባል ቦታ ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር ውል ተዋዋሉ። ውል ማለት ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈርሙበት ጽሑፍ ነው። የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ይባል ነበር። ውሉ 20 አንቀጽ ነበረው። የተጻፈውም በሁለት ቋንቋ ነው፤ በአማርኛና በኢጣልያንኛ።

ጠቡ የመጣው በ17ኛው አንቀጽ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ጉዳይ ሲኖራቸው በኢጣልያ መንግሥት በኩል መላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል። የኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል መላክ ግዴታቸው እንደሆነ አድርጎ ይናገር ነበር።

«ይቻላል» እና «ግድ ነው»! በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እናንተው መዝኑት። ጎረቤታችሁ «ከፈለጋችሁ በደጄ እለፉ» ቢላችሁ ደግነት ነው። «በእኔ ደጅ ካልሆነ አትወጡም» ቢላችሁስ? ያ እስር ነው።

ኢጣልያ ይህን አንቀጽ ይዛ «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን ሲረዱ ተቃወሙ። እቴጌ ጣይቱም አጥብቀው ተቃወሙ። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉ መፍረሱን ለአውሮፓ መንግሥታት ገለጡ። መቼም ጦርነቱ በአንድ ቃል ብቻ መጣ አንልም። ኢጣልያ ቀድሞውንም አገር የመያዝ ሐሳብ ነበራት፤ ምፅዋን የያዘችው በ1877 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ያ ቃል መንገድ ከፈተላት።

መስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት ዐዋጅ ታወጀ። ሰው ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ ወደ ሰሜን ተመመ። ከሐረር ራስ መኰንን፣ ከጎጃም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ከወሎ ራስ ሚካኤል፣ ከትግራይ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ ነበሩ። አምባላጌና መቀሌ ላይ ከተዋጉ በኋላ ሠራዊቱ ዓድዋ ሰፈረ።

የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ነበር። 17 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ነበር። ጦሩ በአራት ተከፍሎ በሌሊት ተጓዘ። እዚህም ላይ የወረቀት ነገር አለ። ኢጣልያኖች የያዙት ካርታ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያለ ቦታው ያስቀመጠ ነበር። ስለዚህ ጄኔራል አልበርቶኔ ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ወጣ። ሲነጋም ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ለፊት ተገናኘ። አልበርቶኔ ተማረከ። ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሞቱ። ከእኛም ወገን እነ ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቁ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ድሉ በደም የተገኘ ነው።

በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዲስ ውል ተፈረመ። የውጫሌ ውል ፈረሰ። ኢጣልያም የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች። ነገሩ በወረቀት ተጀምሮ፣ በጦርነት አልፎ፣ በወረቀት አለቀ።

የቀኑ ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር

አንዳንድ መጻሕፍት የዓድዋ ጦርነት ማርች 1 ነበረ ይላሉ። እኛ በዓሉን ስናከብር ግን በፈረንጆች ቀኑ ማርች 2 ነው። ታዲያ ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም።

በእኛ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ፈረንጆችም በየ4 ዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉ። ሆኖም መቶ ዓመት ሲሞላ፣ ዓመቱ ለ400 እኩል የማይካፈል ከሆነ ያችን ቀን ይተዋታል። በእነሱ 1900 ዓመት ተዉአት፤ እኛ አልተውንም። በመካከላችን ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ስለዚህ በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ማርች 1 ነበረ፤ ዛሬ ግን ማርች 2 ነው። በእነሱ 2100 ዓመትም እንደገና ይተዋሉ። ከዚያ ወዲያ የካቲት 23 ማርች 3 ላይ ይውላል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የሆነው በእኛ የካቲት 23፣ በእነሱ ማርች 2 ነው።

አንድ ክንድ የማይሞላው ግዙፍ፣ 1925 ዓ.ም.

የካቲት 23 ቀን 1925 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ «ኪንግ ኮንግ» የተባለው ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ጊዜው በአሜሪካ የችግር ዘመን ነበር። ባንኮች ይዘጉ ነበር፤ ሥራ የፈታው ሰው ብዙ ነበር። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ ገንዘቡን ከፍሎ ሲኒማ ቤት ገባ።

ፊልሙ ጎሪላ ስለሚመስል ግዙፍ አውሬ ነው። አውሬው ከተማ ገብቶ ትልቁን ፎቅ ሲወጣ ተመልካቹ ደነገጠ። ነገር ግን ያ አውሬ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ክንድ የማይሞላ አሻንጉሊት ነበር! አጥንቱ ብረት ነው፤ ላዩ ጎማና ጠጉር ነው። ሠራተኞቹ እጁን ትንሽ ያንቀሳቅሱና ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ደግሞ ትንሽ ያንቀሳቅሱና ያነሣሉ። በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ሲያልፍ ዓይናችን የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። ለአንድ ደቂቃ 1,440 ሥዕል ማለት ነው። ትዕግሥቱን አስቡት! የዚህ ሥራ ዋና ባለሙያ ዊሊስ ኦብራያን ይባል ነበር።

ዛሬ በስልክ ብዙ ሥዕል ይመጣልናል። አንዳንዱ እንደዚያ አውሬ ነው፤ የሌለውን ያለ ያስመስላል። «በዓይኔ አየሁት» ማለት ብቻውን አይበቃም። ማን ሠራው፣ መቼ ሠራው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሞሮኮ ነጻነት፣ 1948 ዓ.ም.

ሞሮኮ በአፍሪካ ሰሜን ምዕራብ ያለች አገር ናት። በ1904 ዓ.ም. ፌዝ በተባለች ከተማ የሞሮኮ ሱልጣን ከፈረንሳይ ጋር ውል ተፈራረሙ። በዚያ ውል ሞሮኮ በፈረንሳይ «ጥበቃ» ሥር ገባች። ይህን ቃል ከላይ አንብበነዋል፣ አይደለም እንዴ? ኢጣልያ ለኢትዮጵያ ያሰበችው ይኸንኑ ነበር። ጥበቃ የሚለው ቃል ለጆሮ ጥሩ ነው። ሥራው ግን ሌላ ነበር፤ ሱልጣኑ በዙፋን ተቀምጠው፣ አገሩን የሚያዙት ሌሎች ሆኑ። የሰሜኑን ክፍል ደግሞ ስፔን ያዘች።

ሕዝቡ ነጻነት ሲጠይቅ፣ በ1945 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሱልጣን መሐመድ 5ኛን ከአገራቸው አወጣቻቸው። መጀመሪያ ወደ ኮርሲካ፣ በኋላም እስከ ማዳጋስካር ድረስ ወሰዷቸው። ሕዝቡ ግን አልተኛም። በኅዳር 1948 ዓ.ም. ሱልጣኑ ተመለሱ። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ፓሪስ ላይ በተፈረመ ጽሑፍ ፈረንሳይ የሞሮኮን ነጻነት ተቀበለች። ስፔንም በመጋቢት ተከተለች። የዓድዋ 60ኛ ዓመት በዋለበት ዕለት ሌላ የአፍሪካ አገር ከ«ጥበቃ» ወጣ ማለት ነው።

100 ነጥብ፣ 1954 ዓ.ም.

አሁን ደግሞ ወደ ስፖርት እንሂድ። የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኸርሺ በምትባል ትንሽ ከተማ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ነበረ። የፊላደልፊያ ዎሪየርስ ቡድን ከኒው ዮርክ ኒክስ ጋር ተጫወተ። ተመልካቹ 4,124 ሰው ነው። ቴሌቪዥን አላሳየውም።

ለፊላደልፊያ የሚጫወት ዊልት ቻምበርሌን የሚባል ሰው ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ16 ሴንቲሜትር ነው። በዚያች ሌሊት ብቻውን 100 ነጥብ አገባ! እስቲ አብረን እንደምር። በጨዋታ መካከል 36 ጊዜ አገባ። እያንዳንዱ 2 ነጥብ ስለሆነ 72 ነው። በቅጣት ውርወራ 32 ጊዜ ሞክሮ 28 አገባ። እያንዳንዱ 1 ነጥብ ነው። 72 እና 28 ሲደመር 100 ይሆናል። ቡድኑም 169 ለ147 አሸነፈ።

ጨዋታው ሲያልቅ አንድ ሰው በወረቀት ላይ «100» ብሎ ጻፈ። ቻምበርሌን ያንን ወረቀት ይዞ ፎቶግራፍ ተነሣ። ጨዋታው በፊልም የለም። ያለው ያ ፎቶግራፍ፣ የነጥብ መዝገቡና በሬዲዮ ከተላለፈው የተረፈ ድምፅ ነው። ፊልም ባይኖርም ማንም «ውሸት ነው» ብሎ አልፋቀውም፤ ተጽፏልና።

ከድምፅ የሚፈጥን አውሮፕላን፣ 1961 ዓ.ም.

የካቲት 23 ቀን 1961 ዓ.ም. በፈረንሳይ፣ በቱሉዝ ከተማ ኮንኮርድ የተባለው አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሬት ተነሣ። የሠሩት ፈረንሳይና እንግሊዝ ተባብረው ነው። የመጀመሪያው በረራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። በኋላ ግን ድምፅ ከሚሄድበት ፍጥነት እጥፍ የሚበር ሆነ። ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ መንገደኛ ያመላልስ ነበር። ነገር ግን ወጪው ከባድ፣ ጩኸቱም ብርቱ ነበር። በሐምሌ 1992 ዓ.ም. ፓሪስ አጠገብ አንዱ ወድቆ 113 ሰው ሞተ። በ1996 ዓ.ም. ሥራው ቆመ። ፈጣኑም ነገር ያልፋል፤ የሚቀረው መዝገቡ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?

መጀመሪያ የያዝነውን ጥያቄ አሁን እንመልስ። ይህ ቀን እስከ እኛ የደረሰው በአፍና በጽሑፍ ነው። አፍ ደግ ነው፤ ግን ይረሳል፤ ይጨምራል፤ ይቀንሳል። ጽሑፍ ሲኖር ግን ማመሳከር ይቻላል። የውጫሌ ውል በሁለት ቋንቋ ተጽፎ ስለነበረ ልዩነቱ ታወቀ። የአማርኛው ባይኖር ኖሮ ማን ይመሰክር ነበር?

ይህ የነገሥታት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብድር ስትበደሩ፣ ቤት ስትከራዩ፣ ልጃችሁ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ ወረቀት ይቀርብላችኋል። «እዚህ ላይ ፈርሙ» ትባላላችሁ። ድሮ ጣት ቀለም ነክሮ መጫን ነበር። ዛሬ ግን ማንበብ ጀምራችኋል። ሰው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። ቃሉ «ይችላል» ነው ወይስ «አለበት»? ቁጥሩ ስንት ነው? ቀኑ መቼ ነው? አንቀጹ ካልገባችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ፤ ከዚያ ፈርሙ። የአንድ ቃል ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ዓድዋ አሳይቶናል።

ደግሞ የቤታችሁን ታሪክ ጻፉ። ልጅ መቼ ተወለደ? አባት መቼ ዐረፉ? በሬው መቼ ተገዛ፣ በስንት? ብዙ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ «የድርቁ ዓመት ተወልጄ» ይላል። ድርቁ ግን ብዙ ነው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ ጻፉት፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

መለማመጃ

1. «ይቻላል» እና «ግድ ነው» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

2. ሞሮኮ ከ1904 እስከ 1948 ዓ.ም. ስንት ዓመት በ«ጥበቃ» ሥር ቆየች?

3. የዓድዋ ድል በመጪው የካቲት 23 ስንተኛ ዓመቱ ነው? ከመጪው የካቲት ዓመተ ምሕረት 1888ን ቀንሱ።

4. በቤታችሁ የማይረሱ ሦስት ቀኖችን መርጣችሁ ከነወራቸውና ከነዓመታቸው በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያ ለጎረቤታችሁ አንብቡላቸው።