የቆየ ወይንና ዘቢብ

ዐዋቂዎች የቆየ ቀይ ወይንን በመዓዛውና በዕድሜው ያመሰግኑታል። በአገራችን ታሪክ ግን ወይን በሌላ ሚዛን የተመዘነ ይመስለናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520 ከሐራ ብዙ በማይርቀው በጥንቱ አንጎት በኩል ያለፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ የወይን ጠጅ በግልጽ የሚጠመቀው በዐፄ ልብነ ድንግልና በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ እንደ ነበረ ጽፏል። ሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት በዕቃ ቤት ያኖሩትን ዘቢብ ዐሥር ቀን በውሃ ዘፍዝፈው ለቅዳሴ ይጨምቁት ነበር። እንግዲህ የሚቆየው ፍሬው እንጂ መጠጡ አልነበረም። የአንጎት ገዥም እንግዶቹን የጋበዘው የማር ጠጅ ነው። ስለዚህ የቆየ ወይን አለመኖሩን የጥበብ ጉድለት አድርገን ልንነቅፍ አይገባንም፤ ወይኑ የሚፈለገው ለቍርባን ነበርና። በዚያው አቆጣጠር በ2014 ለገበያ የቀረበውን የዝዋይ ቀይ ወይን የምንመዝን ሁሉ፣ ዕድሜን መለኪያ ማድረግ ለወይናችን አዲስ ልማድ መሆኑን ልብ እንበል።